ጥንቸሏን ሐዘን አልገደላትም

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ስመላለስ መሪጌታ ወልደ ጻድቅን አገኘኋቸው። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ጎንበስ ብለው ከውኃው ጠርዝ እርጥብ ሳር ያጭዳሉ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ሳይጠይቁኝ መምከር ይቀናኛል፤ "ይህን ለሌላ ሰው ቢተዉት ምን አለበት?" አልኋቸው።

"ለሰብለ ወንጌል ጥንቸል ነው" አሉኝ።

ሰብለ ወንጌል እሳቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ በአሥራ አራት ዓመቷ በሕመም ካረፈች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሁለት ጥንቸሎች ትታ ነበር፤ አንዷ በአርባዋ ማግስት ሞተች። መሪጌታ ለለቀስተኛው ሁሉ "እንስሳይቱ እንኳ ሐዘኑን አልቻለችውም" ሲሉ ፋሲሎ ሰፈር ያልሰማ የለም፤ እኔም ሰምቼ አልቅሻለሁ።

ሸክሙን ተቀብያቸው ስንመለስ ጎረቤታችንን ሪሃብን ከበሯ ላይ አገኘናት። ዘንድሮ በእንስሳት ሕክምና የተመረቀች ልጅ ናት። ሳሩን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ፣ ይህን ሁሉ ዛሬ ሊሰጧት ነው?"

"ታዲያስ! ቀሪዋም በሐዘን እንዳትከተላት ላስደስታት ብዬ ነው። ልጄ ደረቅ ሳር ብቻ ነበር የምታበላቸው፤ የልጅ ነገር! እንደ ባሕታዊ ደረቁን ሲያኝኩ አንጀቴን በሉት። በአርባዋ ዕለት እቅፍ ሙሉ ጎመን ሰጠኋቸው።"

"በማግስቱ ነው የሞተችው?"

"አዎን፣ ሆዷ ተነፍቶ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ብግታትም አልሆነ።"

ሪሃብ ወደ እኔ አየች። ነገሩ ገባኝና ዝም እንድትል በዓይኔ ለመንኋት። የሽማግሌውን መጽናኛ መንጠቅ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች። "የገደላት ሐዘን አይደለም። ደረቅ የለመደ ሆድ ባንድ ቀን እርጥብ ሲሞላበት ይነፋል። ጤና አዳሙና ነጭ ሽንኩርቱም ለጥንቸል ጉዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም።"

"እኔ ገደልኋት ነው የምትይኝ?" አሉ መሪጌታ። "በዱር ያለችውስ ቅጠል አይደለም የምትበላ? ማን ሳር ያደርቅላታል?"

"የዱሯ ከሕፃንነቷ ለምዳዋለች፤ ከዚህም ከዚያም ትቀነጥባለች። የእርስዎ ግን አልለመደችም። ቅጠል ይቅርባት አላልሁም፤ ያለማምዷት ነው የምል።"

መሪጌታ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "በዚያ ቤት አብራኝ ያለቀሰች አንዲት ነፍስ አለች እያልሁ ነበር የምጽናና" አሉ። ሪሃብም አጠገባቸው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሰብለ ወንጌልን ታውቃት ነበር።

ኋላ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "እሽ፣ ለቀረችው ምን ላድርግ?" አሉ።

"ደረቁ ሳርና ንጹሕ ውኃ ከፊቷ አይጥፋ። ዛሬ አንዲት የድንብላል ቅጠል ብቻ ይስጧት፤ ታጥባ፣ ውኃዋ ጠፈፍ ብሎ። ሁለት ሦስት ቀን በጠጧን ይዩ። ካልቀጠነ ጥቂት ይጨምሩ፤ ከዚያ በሶብላ፣ ከዚያ የካሮት ቅጠል፣ አንድ ባንድ። ጎመን መጨረሻ ላይ፣ እሱም በትንሹ። የአቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን በጭራሽ አያስጠጓት። ይህንንም የሐይቅ ዳር ሳር ይጣሉት፤ ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደነካው አናውቅም።"

መሪጌታ ነዶውን ራሳቸው ወስደው ጣሉት።

በሰኔ ልጠይቃቸው ስሄድ ጥንቸሏ ጠጉሯ አብረቅርቆ፣ ከጉልበታቸው ሥር በሶብላ ትቆረጥማለች። ጥንቸል ያላቸው የሰፈር ልጆች ስለ አመጋገቡ እሳቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሆዱ ተነፍቶ የሞተ ጥንቸል የለም። መሪጌታም ቅጠሉን ከጓሯቸው ስለሚቀነጥቡ ሐይቅ ዳር መውረድ ቀርቶላቸዋል።

"ይህንማ ለሌላው እንዲጠቅም ልጽፈው ነው" አልኋቸው።

"ጻፈው መምህር፤ ስሜንም አትደብቅ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከጥንቸሏ ሳያነሱ። "ግን አንድ ነገር ጨምርበት። ሰብለ ወንጌል በሕይወት ሳለች ነግራኝ ነበር። ጎመን ይዤ ስመጣ፣ 'አባባ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚያለማምዱት' አለችኝ። 'ደግሞ አንቺ እኔን ልታስተምሪ!' ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ዝም አለች። ይህን ጻፍልኝ።"