ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ስም

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ አንድ ልጃቸው ሳሙኤል በ1983 ዓ.ም. ከጦር ግንባር ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ያላገላበጡት የስም ዝርዝር የለም። የቁስለኛውም፣ የምርኮኛውም፣ የተመላሹም ዝርዝር ሳሙኤልን አልያዘም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው በኋላ ዝርዝሩን የምታነብላቸው ሳሙኤል ሲዘምት ጨቅላ የነበረችው ልጁ ሜሮን ናት፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ታዲያ በ2001 መስከረም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ «አትሄድም!» አሉ። አንዴ ካሉ ደግሞ አሉ ነው፤ ጎረቤት ቢለምን፣ ቄስ ቢመጣ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን በከተማቸው ሸዋ በር ሰፈር ከሚኒባስ ሲወርዱ ክንዳቸውን የደገፈቻቸው ሴት የሜሮን የፊዚክስ መምህርት ዕፀገነት ሆና ተገኘች።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ስለ ምን ያስቀሯታል? ኳንተም ስሌት የሚሉትን፣ በጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ የሚሠራውን የኮምፒውተር ትምህርት፣ እማራለሁ ብላ ስንት ለፍታ!»

«እሱ ደግሞ ምን ያደርግላታል?»

«ለምሳሌ መፈለግን ያስተምራታል። ሚሊዮን ስም ካለበት ዝብርቅርቅ ዝርዝር አንዱን ስንፈልግ፣ እኛ አንድ በአንድ ነው የምናየው። የኳንተም ስልት ግን አንድ ሺህ በማይሞላ እርምጃ ይደርስበታል።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሁሉን ባንዴ ያነባል በይኛ!»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ አይደለም። ውሃ ላይ ሁለት ጠጠር ሲጥሉ ሞገዶቹ አንዱ ጋ ይጠፋፋሉ፣ ሌላው ጋ ይደጋገፋሉ። ስልቱም የተሳሳቱትን መልሶች እያደበዘዘ ትክክለኛውን ያጎላል። ኮምፒውተሩ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ ለቁም ነገር የሚያበቁት እንደ ሜሮን ያሉ ልጆች ናቸው።»

«ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ?»

ዕፀገነት ልትዋሽላቸው ቃጥቷት ነበር።

«ከሌለ የለም፣ ጋሼ። የሌለውን የሚያገኝ ስልት አልተፈጠረም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «እግዜር ያውቃል» እያለ ሲሸኛቸው፣ ይህን ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም።

«ታዲያ የለፋሁት ሁሉ በከንቱ ነው?»

«አይደለም፤ አባት ነዎት፣ ፈለጉት። አሁን ግን ያለችውን አይጡ። ብትማር ለራሷም ለአገሯም ትተርፋለች፤ ብትቀር የሙት ስም እያነበበች ታረጃለች።»

በማግስቱ ሜሮንን ራሳቸው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ቢሮ ወሰዷት። ጸሐፊው ስም ሲጠይቅ ቀድመዋት ተናገሩ፤ እሱም በተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ጻፈው።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ።»

«ሜሮን ሳሙኤል ወልደ ጊዮርጊስ።»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

«የአባቷን ስም ብቻ ድገምልኝ» አሉት።