በሳሎናችን ያለፈው ባቡር

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው አዋሽ ባቡር ጣቢያ ባንዲራ ሲያውለበልብ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ደግሞ የድሬዳዋው ባቡር ሳያልፍ ምሳ አልበላም ይላል። «አባዬ፣ ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ!» ባልኩት ቁጥር ሳህኑን ይገፋብኛል። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

አንድ ቀን እንደዚሁ ስንጨቃጨቅ ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ገቡ። «ወላሂ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ባቡር ከፈለጉ ባቡር እንሁንላቸዋ!» አሉና ወገቤን ከኋላ ይዘው ገፉኝ። ያ ኮስታራው አስተማሪ ወንድሜ ሳይቀር የሻርፓቸውን ጫፍ ያዘ። «ቱቱቱ!» እያልን ሳሎኑን ዞርነው። እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። አባቴ ግን ብድግ ብሎ የሸሚዙን ቁልፎች ቆለፈ፤ የእጅ ፎጣውን እያውለበለበም በክብር አሳለፈን። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጉረስ ጀመረ።

እየጎረሰ ወደ እናቴ ጠጋ አለና «ከፊት ሆና የምትጮኸውን አየሻት? ልጄ ናት እኮ!» አላት።

ልጄ ካለኝ ወራት አልፈው ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ደስታው አላስቆም አለኝ፤ እትዬ ዘይነባን ጎትቼ የመልሱን ጉዞ ጀመርኩ።