«ነክሷል» ያልኩ ዕለት

እኛ መካኒኮች አፋችን ጣጣ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር፣ አንዲት ባልቴት የሽንኩርት ማጠጫ ሞተራቸውን እንድጠግንላቸው አስጠሩኝ። የማስነሻውን ገመድ ብስበው ፍንክች አልል አለኝ። «እትዬ፣ ይሄ ሞተር ነክሷል» አልኳቸው። ክው ብለው፣ «ማንን? እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማን አለና!» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። «ውስጡ ተጣብቋል ማለቴ ነው። ሳይነሳ ብዙ ቆይቷል?» ስላቸው፣ «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ማን ያስነሳዋል?» አሉ። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅዬ በቀዳዳው ዘይት አንቆርቁሬ፣ ቀስ እያልኩ አላቅቄ አስነሳሁት። ማሳው ግን ባዶ ነው፤ አንድ ችግኝ የለበትም። «ቱቦው ወንዙ ውስጥ አልገባም፤ ያለ ውሃ ከሠራ ተመልሶ ይነክሳል፤ ላጥፋው?» ብላቸው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ «ይንከስ ልጄ፣ ትንሽ ይጩህልኝ» አሉኝ። እጄን ከማጥፊያው ላይ አነሳሁ።