ሦስቱም ተጠንቀቂ

ከክርያት ሞጽኪን ከተማ ስመለስ በተሳፈርሁበት የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ የጽዳት ሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከጎኔ የተቀመጡ እናት በሌላው ጎናቸው ለተቀመጠችው ወታደር ልጅ ስልካቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ አማርኛ ትሰሚያለሽ? አዲሱ አለቃ የማጽጃ ኬሚካል ጀሪካኖቹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ሳታነቢ እንዳትነኪ ብሎኛል። ፎቶ አንስቻቸዋለሁ።»

«ይሄ ኮሽን ይላል። ተጠንቀቂ ማለት ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዋርኒንግ። እሱም ተጠንቀቂ ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ዴንጀር። እሱም ያው፣ ተጠንቀቂ።»

«ሦስቱም አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት ስም አወጡላቸው?»

«አንድ አይደሉም፣ እማማ። የመጀመሪያው ቢነካሽ ያሳክክሻል። ሁለተኛው ሊገድልሽ ይችላል። ሦስተኛው ይገድልሻል።»

«ታዲያ ለምን ለሦስቱም ተጠንቀቂ አልሽኝ?»

«የእኔ አማርኛ እስከዚህ ነው።»

«አሁንማ ጭራሽ ግራ ገባኝ።»

«ቤሰደር፣ ችግር የለም። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ቃል እያየሽ ትለያለሽ።»

«ጀሪካኑን ማን ይሸከመዋል? ማታ ማታ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈርም የፎቅ ደረጃ ስለማጥብ በኮላ ጠርሙስ እየቀነስሁ ነው የምይዘው። አለቃውም ያውቃል።»

«ጠርሙሱ ላይ ስሙን ትጽፊያለሽ?»

«ምን ያስጽፈኛል? እንደ አረቄ አሽትቼ ነው የምለየው።»

«ዛሬ የያዝሽው የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ቆይ ላሽተው» ብለው ወደ ፌስታላቸው ጎንበስ አሉ።

ፌስታሉ የተቀመጠው እኔ እግር ሥር ስለነበር፣ ሁለቱንም እግሮቼን ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ ሰበሰብሁ።