ከዳገቱ የተመረጠ ዘር

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ሊገባደድ ሲል፣ አያ ኢስሃቅ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው ማሳቸው ቆመው ማሽላ ያናግሩ ነበር። ጉሙ ከውሃው ተነሥቶ ወገባቸው ደርሷል፤ ከጉሙ በላይ የሚታየው የእሳቸው ጥምጥምና ወፋፍራሙ የማሽላ ዛላ ብቻ ነው። ሰውዬውም ማሽላውም የሚንሳፈፉ ይመስላሉ።

«አንቺስ ለዘር ነሽ፤ ማሻ አላህ!» አሉና አንዷን ዛላ እንደ ሙሽራ አገጭ ቀና አደረጓት።

«እትዬ ፈዲላ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?» አለ የሚስታቸውን ስም ጠርቶ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ።

ጂን መስሏቸው ደነገጡ። የጎረቤታቸው የአብተው ልጅ ጥሩብርሃን ነበረች። ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ የእርሻ ባለሙያ ሆና ውጫሌ ተመድባለች። መንግሥት ለሥራዋ በቅሎ ሰጥቷታል፤ በቅሎዋን ግን ካድሬው ስለሚቀመጥባት ጥሩብርሃን የምትዞረው በእግሯ ነው።

«ዘር እየመረጥኩ ነው፣ ልጄ። ይህች ማሳ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለአምራቾች ማኅበር ተሰጥታለች። ለእኔ የምትቀረኝ ያቺ ድንጋያማ ዳገት ናት። እሷም ካላበላችን የሰፈራው መኪና ነው ወደማናውቀው አገር የሚጭነን። ስለዚህ አባቴ እንዳደረገው፣ ከዚህ ወፍራም ወፍራሙን ወስጄ እዚያ እዘራለሁ።»

«ወፍራም ሁሉ ወፍራም ይወልዳል?»

«ታዲያ ጦጣ ይወልዳል?»

«የእህል መጋዘኑ ኃላፊ ጓድ አስረስ ወፍራም ነው፣ አይደል?»

«በር አይበቃውም!»

«ውፍረቱ ከአባቱ የወረደ ነው ወይስ ከመጋዘኑ የመጣ?»

አያ ኢስሃቅ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ጉሙ ደህና ሸፍኗቸዋል። «አባቱንማ አውቀው የለ? ሸምበቆ ነበር! ከመጋዘኑ ነው» ብለው ሳቁ።

«የዚህችም ውፍረት ከሐይቁ ነው፣ አያ። ሐይቁን ደግሞ ለልጇ አታወርስም።»

ሽማግሌው ዛላዋን ለቀቁ። የተማረ ሰው ሲናገር እሺ ማለት የዘመኑ ደንብ ነው፤ እሳቸው ግን አስበውበት ነው የለቀቋት።

ሁለቱም ወደ ዳገቱ ወጡ። ዝናቡ ቀድሞ ስለሄደ ማሽላው ቢጫ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። እዚህም እዚያም ግን ቅጠላቸው ያልደረቀ፣ ዛላቸው ትንሽ ግን ሙሉ የሆነ አገዳዎች፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሶላት ላይ እንደቀሩ ሰዎች ጸጥ ብለው ቆመዋል።

«በአንድ ዝናብ፣ በአንድ መሬት በቅለው እነዚህ ለምን አልደረቁም?» አለች።

«አላህ ስላለ።»

«አሜን። አላህ ግን ይህን በዘራቸው ውስጥ አኑሮላቸው ነው። ልክ እንደ ዓይን ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባይ ነው። አንዱ ማሽላ ዝናብ ሲቋረጥ ይደርቃል፤ ሌላው ያለችውን እርጥበት ቆጥቦ ፍሬው እስኪሞላ ቅጠሉን ያቆያል።»

«ምናልባት ከሥሩ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ቢኖርስ? እንደ አስረስ መጋዘን?»

ጥሩብርሃን በደስታ አጨበጨበች። «ሊኖር ይችላል! ለዚህ ነው ከአንድ ቦታ ብቻ የማንለቅመው። ከጠርዙም፣ ከመሃሉም፣ ከድንጋዩ ላይም እንመርጣለን። በዓመቱም ከልጆቻቸው መሃል እንደገና እንመርጣለን። ዕድለኛው እየወደቀ ጠንካራው ይቀራል።»

አያ ኢስሃቅ አንዷን አረንጓዴ አገዳ ሲዳስሱ ቆዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ጥሩዬ፣ እነዚህን እኮ በየዓመቱ አጭደን የምንሰጠው ለበሬው ነው! ለምለም ናቸው እያልን!»

«ለበሬው?»

«ያ ከርሳም! ስንት ዓመት ሙሉ መዳኛችንን ሲያመነዥክ ኖሯል!» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ሐይቁ ከታች በጉም ተሸፍኖ የሌለ ይመስል ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ እያሰቡ እንደሆነ ስለገባት ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አነጠፉና መልቀም ጀመሩ።

ፈዲላ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዘር ስታይ «ይሄ ዘር ነው ወይስ ፍየል ያስተረፈችው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችባቸው። በዓመቱ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ አለ። ዳገቱ ላይ ግን ከቢጫው አረንጓዴው በዛ። ጎተራው ባይሞላም ለክረምት የሚያደርስ እህል ገባ፤ በሬው ገለባ በላ፤ ዘር ለለመነ ጎረቤትም ተረፈ። አያ ኢስሃቅ የሚሰጡትን ሰው ሁሉ ዳገት አውጥተው አመራረጡን ሳያሳዩ አይለቁትም። ፈዲላም መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር የሰፈራው ነው ብላ ዕቃ መቋጠሯን ተወች።