የዘገየው መልስ

የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሽኩር ካረፉ ወዲህ መርካቶ ያለው ሱቃቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሱቁ ሰባተኛ ሰፈር ካለው መጋዘናቸው ጋር መልእክት የሚለዋወጥበትን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ነስሩ አስተካክልልኝ ብሎ ጠራኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ቴስቱን አስነሳሁት። ፕሮግራሙ ራሱን የሚፈትንበት ነው፤ ሁለት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች፣ አንዱ መጋዘኑን፣ አንዱ ሱቁን ሆነው በኔትወርክ ሶኬት፣ እንደ ስልክ መስመር ባለ መገናኛ፣ ይነጋገራሉ። ስጽፈው ሐጂ በሕይወት ነበሩ፤ ከመጋዘኑ ሲደውሉ ስለ ዕቃ ከማውራታቸው በፊት ሁልጊዜ ልጃቸውን የሚጠይቁትን ጥያቄ ነበር ለመጋዘኑ የመጀመሪያ መልእክት አድርጌ የሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ «ነስሩ፣ ምሳ በላህ?» ሲል ክው አልኩ።

«ይቅርታ፣ አሁን አጠፋዋለሁ።»

«ተወው» አለኝ ነስሩ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ቆይቶ ቆይቶ የሱቁ መልስ መጣ፤ «በልቻለሁ አባ።»

«ልጁ ለምን ዘገየ?» ሲል ጠየቀኝ ነስሩ።

«ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ መጋዘኑ መጠበቅ ይችል እንደሆነ ለማየት፣ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት።»

 ደጅ ላይ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ አለፉ። ከዚያ ነስሩ ቀስ ብሎ፣ «አባቴን አታስጠብቅብኝ» አለኝ።

ያለዚያ መዘግየት ቴስቱ ጎዶሎ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ አያወጣውም። እኔ አወጣሁት። እንደገና አስነሳሁት። ልጁ ወዲያው መለሰ።