ባለሰይፉና የቴፒው ወንበር

በሕይወቴ እምላለሁ፣ አንዲት ቃል ከዋሸሁ እዚሁ በቁሜ ልድረቅ! ቴፒ ከገበያው ጀርባ ያለው ጌም ቤት ገብቼ ልጫወት ብል፣ ማንም አሸንፎት የማያውቅ ጌታሁን የሚባል ጎረምሳ ሳቀብኝ። «አባባ፣ ከተሸነፉ ሁለተኛ እዚህ በር አይደርሱም፤ እሺ?» አለኝ። «ካሸነፍኩህ ደግሞ ወንበርህ የእኔ ነው!» ብዬ ጆይስቲኩን ጨበጥኩ።

ስክሪኑ ላይ ከሚፋለሙት ሰዎች ባለሰይፉን መረጥኩ። «እሱ እኮ ቀርፋፋ ነው!» ብለው ቤቱን በሳቅ አናጉት። እውነታቸውን ነው። ሰይፉ ከቴፒ ተሰንዝሮ ሚዛን ከተማ የቆመ ሰው ይቆርጣል፤ ካረፈ ግማሽ ነፍስ ይወስዳል። ከሳተ ግን መልሶ እስኪያነሳው ቡና አብቦ ይለቀማል። አንዴ አገኘሁትና የጌታሁንን ሰው ግማሽ ነፍሱን ወሰድኩበት። የእሱ ሰው ግን ባዶ እጁን እንደ ጦጣ እየዘለለ የእኔን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ሰይፌ ሳተ። ጌታሁን ሊገላግለኝ ገባ።

ይሄኔ አንድ ሽበታም ሽማግሌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ኖር!» ተባለ። ወጣቱ ሁሉ ብድግ! ጌታሁንም ደህና እናት ያሳደገችው ነውና ጆይስቲኩን ጥሎ ብድግ አለ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ልነሳ? ሰይፌን ተረጋግቼ አነሳሁና አሳረፍኩበት።

«አባባ፣ ይሄማ አይቆጠርም! ተነስቼ እኮ ነው!»

«የእኔ ሰውዬ ድክመቱ ዝግታው ነው፤ ያንተ ደግሞ አስተዳደግህ። በል፣ ወንበሩን ልቀቅ!»

እስከ ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው። ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ፦ በሩ ላይ ማንም ሽማግሌ አልነበረም። «ኖር!» ያልኩት እኔው ነኝ።